«ተኝቼ ስነሣም ደክሞኝ ነው»

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36 ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምኖረው አዘዞ፣ የምሠራው ፒያሳ አካባቢ በአንድ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ነው። ላለፉት ሰባት ስምንት ወራት ይህ ነው በማልለው ምክንያት ይደክመኛል። የቢሮአችንን ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፤ ከሰዓት በኋላ መዝገቡ ላይ እንዳቀረቀርኩ ዓይኔ ይከደናል። በሰፈራችን ውሃ የሚለቀቀው ሌሊት ስለሆነ በሳምንት ሦስት ቀን ያህል በ8 ሰዓት እነሣለሁ፤ ቀን መብራት ጠፍቶ ከዋለም እንጀራውን የምጋግረው ያን ጊዜ ነው። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣቴ አይቀርም። በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት እቆያለሁ፤ ስፈታ ጥግብ ብዬ እበላና ቡናዬን እስከ በረካ እጠጣለሁ፤ ያለ ቡና ራሴን ይፈልጠኛል። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስልኬን ስነካካ 6 ሰዓት ይሆናል። ባለቤቴ ‹ሐሳብ አብዝተሽ ነው› ይለኛል። ጎረቤቴ ግሉኮስ ተተክሎላት ስለተሻላት እኔንም እንሂድ እያለች ነው። ምን ይመክሩኛል? ደካማዋ፣ ከአዘዞ።»

የተከበሩ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ የታየኝ ድካምዎ ነበር፤ በሁለተኛው ግን የታየኝ ሰዓትዎ ነው። የሚበሉት ምግብ ክፉ አይደለም፤ ቡናም በራሱ ጠላት አይደለም፤ ሥራዎም እንደጻፉልኝ ከሆነ ጉልበት የሚጨርስ አይመስልም። ችግሩ እያንዳንዱ ነገር የሚውልበት ሰዓት ሌላውን የሚያበላሽ መሆኑ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። እርስዎ የሒሳብ ሰው ነዎትና አብረን እንደምረው። በ6 ሰዓት ተኝተው በ11 ሰዓት ተኩል ሲነሡ አምስት ሰዓት ተኩል ይተኛሉ። ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ጀሪካኑን ሞልተው፣ ምጣዱን ጥደው እስኪመለሱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ያልፋል፤ የቀረው አራት ሰዓት ነው። አራቱን ሌሊት በአምስት ተኩል፣ ሦስቱን በአራት ስናሰላ በሳምንት 34 ሰዓት ይመጣል። አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ ሰባት ሰዓት፣ በሳምንት 49 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ጉድለቱ 15 ሰዓት ነው፤ ይህም በየሳምንቱ ሁለት ሙሉ ሌሊት ዓይንን ሳይከድኑ ማደር ማለት ነው። ይህን ያህል የጎደለበት ሰው መዝገብ ላይ ቢያንቀላፋ ስንፍናም ሐሳብ ማብዛትም ሊባል አይገባውም።

ይሁን እንጂ ሁሉንም በእንቅልፍ ላይ አልጭንም። «ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል» ያሉት ነገር አስቁሞኛል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ያዛጋል፣ ይነጫነጫል፣ ይረሳል፤ ጥቂት ደረጃ ወጥቶ ልቡ ሲደልቅና ትንፋሽ ሲያጥረው ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የደም ማነስ ነው። በወር አበባ ዕድሜ ላይ ያለች፣ ሁለት ጊዜ የወለደች፣ የዓመቱን ግማሽ ያህል በጾም የምታሳልፍ ሴት ላይ ደግሞ ጥርጣሬው ይበረታል። መስታወት ፊት ቆመው የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርገው ይመልከቱ፤ ውስጡ እንደ ወትሮው ቀላ ካላለና ከገረጣ ምልክት ነው፤ ቀላ ማለቱ ግን ከደም ማነስ ነጻ መሆንን አያረጋግጥም። አፈር፣ ጭቃ ወይም ጥሬ እህል መብላት ካማረዎት፣ የወር አበባዎ ከሰባት ቀን የሚያልፍ ወይም ጨርቁን ቶሎ ቶሎ የሚያስቀይር ከሆነ ለሐኪሙ ሳያፍሩ ይንገሩ። ይህን ሳይነግሩ የሚወጡ ሴቶች ብዙ ናቸው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። በሙያዬ ጀማሪ ሳለሁ በአንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ስሠራ «ደከመኝ» ብላ ለመጣች አንዲት እናት ደሟን ሳላስለካ የቫይታሚን ክኒን ሰጥቼ ሸኘኋት። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳ ስትመጣ ከንፈሯ ነጥቶ ነበር፤ ለካስ ወር በወር ብዙ ደም ይፈሳት ኖሯል። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶባት ለአገራችን ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን የጀመረች ከተማ ናት፤ በዚህች ከተማ ውስጥ ሆኖ በጥቂት የደም ጠብታ የሚታወቅን ነገር በግምት ማለፍ ነውር መሆኑን ያን ዕለት ተማርኩ።

ስለዚህ መጀመሪያ የደም ምርመራ ያድርጉ። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያዳርሰው ሄሞግሎቢን ይለካ፤ የሚቻል ከሆነ በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲን የተባለው ምርመራም ይታከል፤ የሰገራ ምርመራም አይቅር፤ ደም የሚመጥጡ የአንጀት ትሎች አሉና። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉልኝ። እርጉዝ ላልሆነች ሴት የደም ማነስ መነሻ ልክ ሆኖ የሚጠቀሰው በዴሲሊትር 12 ግራም ነው። ይህ ቁጥር ግን የተቀመጠው በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖር ሰው ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነችው በጎንደር አየሩ ስስ ስለሆነ ጤነኛ ሰውነት ኦክስጅን ለማዳረስ ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ያመርታል፤ በመሆኑም ልኩ ከፍ ተደርጎ መነበብ አለበት። ወረቀትዎ ላይ «12» የሚል ቁጥር አይተው «ደህና ነኝ» ብለው ከመመለስዎ በፊት ከፍታው ታስቦ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ብረት ከታዘዘልዎ ክኒኑን ከቡና፣ ከሻይና ከወተት አርቀው፣ ቢቻል በባዶ ሆድ ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጭማቂ ጋር ይውሰዱት፤ ሆድዎን ከረበሸዎ ከትንሽ ምግብ ጋር ይሁን። ሰገራ ቢጠቁር አይደንግጡ፤ የክኒኑ ጠባይ ነው። ደምዎ ከተስተካከለ በኋላም ክምችቱ እስኪሞላ ለጥቂት ወራት መቀጠል ይኖርበታልና «ተሻለኝ» ብለው በሦስተኛው ሳምንት አይጣሉት። ክኒኑን ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቆልፉበት፤ ከረሜላ መስሏቸው ብዙ ቢውጡ ለሕይወት የሚያሰጋ መርዝ ይሆንባቸዋል።

ጎረቤትዎ ስለተተከለላት ግሉኮስ ደግሞ በአጭሩ ልናገር። በብዛት የሚተከለው 5 በመቶ የሚባለው ሲሆን በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ስኳር 50 ግራም ነው። ይህም አሥር የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውሃ ተበጥብጦ በደም ሥር መግባቱ ነው። ጎረቤትዎ እንደተሻላት አምናለሁ፤ ሁለትና ሦስት ሰዓት በአልጋ ላይ ጋደም ብላ፣ ልጅም ወጥም ሳይጠራት ማረፏ ብቻውን ሻል ያደርጋታል። መብላትና መጠጣት ለሚችል ሰው ግን ያ ከረጢት ከገንዘቡና ከመርፌው ሥጋት ሌላ የሚጨምርለት ጉልበት የለም።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ረዘም ብል ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔም ቡና ወዳጅ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ስንነቃና ስንሠራ በአንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ «ደክሞሃል፣ ተኛ» የሚለው መልእክት የሚደርሰን በእርሱ በኩል ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን መልእክቱ የሚገባበትን በር ይዘጋል እንጂ ድካሙን አያነሣም። በሩ ሲከፈት የተጠራቀመው ሁሉ አንድ ላይ ይገባል። ካፌይን ከደም ውስጥ ግማሹ ለመውጣት በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን በምትወስድ ሴት ላይ ደግሞ ከዚህም በእጅጉ ይረዝማል። እርስዎ በጾም ቀን በ10 ሰዓት የጠጡት ቡና ግማሹ ማታ በ3 ሰዓት ከእርስዎ ጋር ነው፤ ውሃ ሊቀዱ በሚነሡበት በ8 ሰዓት ሌሊት እንኳ ሩቡ ገና በሰውነትዎ ውስጥ አለ። ጀሪካኑን አስቀምጠው ወደ አልጋ ሲመለሱ እንቅልፍ እምቢ የሚልዎ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ሳይታይ የሚያልፍ ነው። በቡናና በሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች በእህልና በአትክልት ውስጥ ያለውን ብረት ይይዙና ሰውነት እንዳይጠቀምበት ያደርጋሉ። ከምግብ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ የተጠጣ ቡና ይህን አያደርግም፤ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ የተጠጣው ግን ያደርገዋል። እኛ ደግሞ ቡና የምናፈላው ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ነው! ምስሩና ጎመኑ ገና ከሆድ ሳይወርድ ሦስት ስኒ ይከተለዋል፤ ያውም ሥጋና እንቁላል በሌለበት በጾም ቀን፣ ሰውነት ብረቱን ሁሉ ከእህልና ከአትክልት በሚጠብቅበት ቀን።

«ያለ ቡና ራሴን ይፈልጠኛል» ያሉትም ረኃቡ ብቻ አይመስለኝም። ቡና የለመደ ሰው ካቋረጠ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ማመም ይጀምረዋል፤ በጾም ቀን ረፋድ ላይ የሚመጣው ፍልጠት ከዚህ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ በአንድ ቀን አይተዉት። ሦስቱን ስኒ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ሁለት፣ በሁለተኛው ወደ አንድ ያውርዱ፤ ያችንም አንዲት ስኒ ጾም ባልሆነ ቀን ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ ከቁርስና ከምሳ መካከል ያድርጓት። የዕለት ልማድዎ አንድ ስኒ ብቻ ከሆነ ረቡዕና ዓርብ ብትቀርም የምታመጣው ራስ ምታት ቀላል ነው። ወደ ዐቢይ ጾም ሲጠጉ ደግሞ ይህችኑ አስቀድመው ቢቀንሷት የመጀመሪያው ሳምንት ያን ያህል አይከብድዎትም። የጎረቤት ቡና እንዴት ይሁን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ተጠርቶ መቅረት አይቻልም። አቦሉን በጨዋታ አሳልፈው ለበረካው ይድረሱ፤ በዚያው ቡና ላይ ሦስተኛ ጊዜ ውሃ ተጨምሮ የፈላ ስለሆነ ከሁሉ የቀጠነ ነው። እኔ ይህን ዘዴ ስጠቀም ዓመታት አልፈዋል፤ ማንም አልተቀየመኝም።

ጾሙን ተዉ አልልዎትም፤ ጉዳዩ የእርስዎና የንስሐ አባትዎ ነው። ደምዎ በጣም ዝቅ ብሎ ከተገኘ ግን ወረቀቱን ይዘው ያማክሯቸው፤ ለታመመና ላረገዘች ምን እንደሚፈቀድ እርሳቸው ያውቃሉ። እኔ የምናገረው ስለ አፈታቱ ነው። ከ15 ሰዓት በላይ ባዶ የቆየ ሆድ ላይ ሁለት እንጀራ በአንድ ጊዜ ሲወርድ ሰውነት ይከብዳል፣ ዓይንም ይከደናል፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። መጀመሪያ ውሃ ይጠጡ፤ ቀኑን ሙሉ ውሃም አልቀመሱምና ከራስ ምታቱና ከድካሙ የተወሰነው የእርሱ ነው። ከዚያ አንድ እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ፣ ከጎኑ ጎመን ሎሚ ተጨምቆበት ወይም አንድ ስንግ ቃሪያ ይሁን። በሎሚው፣ በጥሬው ቃሪያና በቲማቲሙ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ የእህሉን ብረት ለሰውነት ያመቻቸዋል፤ ጎመኑን በጣም ባያበስሉት፣ ሎሚውንም ከእሳት ካወረዱት በኋላ ቢጨምቁት ይሻላል፤ ቫይታሚን ሲ ሙቀት አይወድም። የቀረውን ማታ በ1 ሰዓት፣ ሱፍ ወይም ተልባ ፍትፍት አድርገው ይብሉት። እንጀራውንም «ብረት የለውም፣ ጤፉ አርጅቷል» እያሉ አይውቀሱት፤ በደንብ የቦካ ሊጥ በእህል ውስጥ ብረትን የሚያስረውን ንጥረ ነገር ይቀንሰዋልና መቦካቱ ከጣዕም በላይ ጥቅም አለው። በፍስክ ቀን እንቁላል፣ ወተትና ከተገኘ ሥጋ አይለፉ፤ ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከእህልና ከአትክልት አይገኝም።

ወደ ሌሊቱ ውሃ ስመጣ ምክር መስጠት ይከብደኛል። በዚህች ከተማ ስንትና ስንት ሴት በሌሊት የቧንቧ ድምፅ እየጠበቀች እንደምታድር አውቃለሁና «ጊዜዎን አስተካክለው ይተኙ» ማለት ስድብ ይሆንብኛል። ውሃውን ማንም በምክር ቀን አያመጣውም። ይሁን እንጂ በደብዳቤዎ ውስጥ ያላየሁት አንድ ነገር አለ፤ በ8 ሰዓት ሌሊት ባለቤትዎ የት ናቸው? ሐሳብ ማብዛትዎን ያስተዋሉ ሰው ጀሪካን መሙላትም አያቅታቸውም። በሳምንት ሦስት ሌሊት የሚመጣ ከሆነ አንዱን እርስዎ፣ ሁለቱን እርሳቸው ቢነሡ እርስዎ ብቻ ሦስት ሰዓት እንቅልፍ ያተርፋሉ። ይህን ደብዳቤ አብራችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ ለእርሳቸውም በአክብሮት የተጻፈ ነው። አቅም ከፈቀደ ደግሞ ሮቶ ወይም በርሜል ከቧንቧው ጋር አያይዞ፣ ውሃው ሲሞላ በራሱ የሚዘጋ ተንሳፋፊ መዝጊያ በቧንቧ ሠራተኛ ማስገጠም ይቻላል፤ ለአንድ ቤት ከባድ ከሆነ በአንድ ግቢ ያሉ ሁለት ሦስት ቤተሰቦች ቢያዋጡ ይሆናል። ያን ጊዜ ውሃው ማንንም ሳይቀሰቅስ ይሞላል። እንጀራውን ደግሞ መብራት በነበረበት ቀን ለሦስትና ለአራት ቀን የሚሆን አድርገው ይጋግሩ እንጂ በሌሊት ምጣድ አይጣዱ፤ አንድ ቀን ዳቦ ቢበላ ቤቱ አይፈርስም።

ስልኩን በተመለከተ አልቆጣዎትም። በቀን ውስጥ ለራስዎ የቀረችው ያች ሰዓት ብቻ ከሆነች ማን ይነጥቅዎታል? ነገር ግን ከ4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለውን ጊዜ ስልክ ላይ ከማሳለፍ፣ ግማሽ ሰዓቱን ልጆቹ የቤት ሥራ በሚሠሩበት ጊዜ፣ ሌላ ግማሽ ሰዓት ደግሞ ከሥራ መልስ ወደ ቤት ከመግባትዎ በፊት ማግኘት ይችሉ እንደሆነ ይሞክሩ። በ4 ሰዓት ተኩል ስልኩ ሌላ ክፍል ውስጥ ቻርጅ ይደረግና እርስዎ ይተኙ። ውሃ በሌለበት ሌሊት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ሲቆጠር ሰባት ሰዓት ይሞላል። እሑድ እስከ 4 ሰዓት ጠዋት ተኝቶ የሳምንቱን ጉድለት ለመክፈል አይሞክሩ፤ የእሑድ ሌሊት እንቅልፍ ያንን አይቀበልም። ቀን ከተቻለ 20 ደቂቃ ጋደም ማለት ይሻላል።

እግር ማንቀሳቀስ ያስፈልግዎታል፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሰው የሚሰማው ዝለት በእረፍት አይለቅም። የጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ነው፤ በቀን ከ20 ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። ከአዘዞ ሲመጡ ከታክሲው አንድ ፌርማታ ቀድመው ቢወርዱና በምሳ ሰዓት በፋሲል ግቢ አጥር ዙሪያ አንድ ጊዜ ቢዞሩ ይሞላል። የጠዋት ብርሃን ዓይን ላይ ማረፉም የማታውን እንቅልፍ ያመቻቻል። ግን የምርመራው ውጤት ሳይመጣ የቁስቋምን ዳገት ልውጣ እንዳይሉ፤ ደም ባነሰበት ሰውነት ላይ ዳገት ልብን ያስጨንቃል።

ድካሙ ከእነዚህ ጋር የማይገጥም ከሆነ ደግሞ ሌላ በር ይንኳኳ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ሌሊት የሚያጠምቅ ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ወደ ደንቢያ ወይም ወደ መተማ ቆላ ወርደው ከተመለሱ በኋላ የመጣ ትኩሳት፣ የማይረካ የውሃ ጥምና ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ አንገት ላይ እብጠት፣ ከባድ ማንኮራፋት፣ እንዲሁም የሚወዱት ነገር ሁሉ ትርጉም አጥቶ ልብ ጭልም ማለት፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምርመራ አላቸው። የወር አበባዎ ከዘገየ እርግዝናም ይታሰብ። ከእነዚህ አንዱ ካለ የምክር ዓምድ አይጠብቁ፤ ደረት ላይ ሕመም ወይም ራስን መሳት ከመጣ ደግሞ በዚያው ዕለት ይሂዱ።

በዚህ ሳምንት ሁሉንም አይጀምሩ፤ ከሥራ አንድ ረፋድ አስፈቅደው ደምዎን ያስለኩ፣ ሦስተኛውን ስኒ ይተዉ፣ የውሃውን ሌሊት ከባለቤትዎ ጋር ይከፋፈሉ። የሄሞግሎቢኑን ቁጥር በዚህ አድራሻ ቢልኩልኝ በሚቀጥለው ወር ከዚያ እንቀጥላለን።